«ተላላፊ ያልሆኑ» የሚለው ስያሜ ምን ያህል ይበቃል?

በሕክምና ትምህርት ቤት በሽታዎችን ተላላፊና ተላላፊ ያልሆኑ በሚሉ ሁለት ታላላቅ ጎራዎች ከፍለን ተምረናል። አከፋፈሉ ለማስተማርም ሆነ በጀት ለመደልደል አመቺ መሆኑ አይካድም። ጉድለቱ የሚታየው ከመዝገቡ ቀና ብለን ሕመምተኛውን ስንመለከት ነው።

ሩማቲክ የልብ ሕመምን እንውሰድ። የሚመደበው ተላላፊ ካልሆኑት፣ ከደም ግፊትና ከስኳር በሽታ ጎን ነው። መነሻው ግን ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው፣ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ባክቴሪያ የሚያስከትለው የጉሮሮ ሕመም ነው። በተመላላሽ ክፍል ስሠራ አንዲት ወጣት ነፍሰ ጡር ሚትራል ቫልቯ ጠብቦ፣ ትንፋሽ አጥሯት መጣች። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት እንደነበር እናቷ አጫወቱኝ። ያን ጊዜ በፔኒሲሊን ብትታከም ኖሮ ቫልቩ ሊተርፍ ይችል ነበር። በክፍላችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው «ሲጋራ አያጭሱ፣ የአካል እንቅስቃሴ ያድርጉ» የሚል ምክር ግን ለእርሷ በሽታ መከላከያ አልነበረም። የማኅፀን በር ካንሰርም እንዲሁ ነው፤ ካንሰር ስለሆነ «ተላላፊ ካልሆኑት» ይቆጠራል፣ ሆኖም በቫይረስ ስለሚመጣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ልጃገረዶችን እንከትባለን።

ፖዶኮኒዮሲስ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባካሄዱት ጥናት እንዳስረዱት፣ ይህ የእግር ዝሆኔ በትንኝ ከሚተላለፈው ጥገኛ ትል ጋር ግንኙነት የለውም፤ የሚይዘው በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት የኖሩትን ነው። ቢሆንም ከ«ሐሩር አካባቢ በሽታዎች» ተርታ፣ በአብዛኛው ከተላላፊዎቹ መካከል ተሰልፏል። (በሽታው የሚበዛው በደጋውና በወይና ደጋው መሆኑን ልብ ይሏል!) ጎረቤት «ይተላለፋል» ብሎ በሚሸሸው ሕመምተኛ ላይ የእኛ አመዳደብ ሐሜቱን እንዳያጸናበት እፈራለሁ።

ምደባ የማይነካ ሕግ አይደለም። ዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ በ10ኛው እትሙ ስትሮክን ከደም ዝውውር በሽታዎች ጋር አኑሮት ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው እትም ወደ ነርቭ ሥርዓት ምዕራፍ አዛወረው። በሽታው ያው ነው፣ የተዛወረው መደርደሪያው ነው።

ሁለቱ ጎራዎች ይፍረሱ አልልም። ነገር ግን በተመላላሽ መዝገባችን ከምርመራው ውጤት ጎን የበሽታው መነሻ የሚሰፍርበት አንድ ዓምድ ቢጨመር፣ ያቺ ነፍሰ ጡር «የልብ ሕመምተኛ» ተብላ ብቻ አትታለፍም ነበር፤ የታናናሾቿን ጉሮሮም የሚጠይቅ ይገኝ ነበር።