አራቱ ካስማዎች

የኮምፒዩተር ጥገናን ሙያዬ አድርጌ በወልድያ ከተማ ከተቀመጥሁ ጀምሮ በእጄ ካለፉት ብልሽቶች ሁሉ፥ እንደ ሙቀት ባለቤቱን የሚያስት፥ ጠጋኙንም ከእውነተኛው ምክንያት አርቆ ወደ ሌላ ዕቃ የሚመራ አላገኘሁም። ማሽኑ ግሎ ድርግም ባለ ጊዜ አስቀድሞ የሚወቀሰው ፋኑ ነው፤ ፋኑ ተለውጦ ነገሩ ያልተሻለ እንደ ሆነ ፓወር ሰፕላዩ ይለወጣል፤ በመጨረሻም ፕሮሰሰሩ አርጅቷል ተብሎ ይፈረድበታል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ያሉት አባቶቻችን እውነት ተናግረዋል፤ ነገር ግን ያው ጉልቻ ተዛንፎ የተተከለ እንደ ሆነ፥ ምጣዱ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ እንጀራው በአንድ በኩል ሲያር በሌላው በኩል ሊጥ ሆኖ እንደሚቀር እናቶቻችን ያውቃሉ። እኔም ስለዚህ ስለ አተካከሉ ልናገር እወዳለሁ።

በአንድ የኅዳር ወር ከመርሳ አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት ዴስክቶፑን በሚኒባስ አስጭኖ አመጣልኝ። «ጋሼ፥ የሠርግ ቪዲዮ ሳቀናብርበት ግማሽ ሳይደርስ ይጠፋብኛል» አለኝ። ፋኑን ሁለት ጊዜ አስለውጧል። እኔም ከፍቼ አቧራውን አራገፍሁ፥ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ደርቆ እንደ ኖራ የተሰነጣጠቀውን አሮጌ ፔስት በአልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፥ ማቀዝቀዣውንም መልሼ ከቦርዱ ጋር የሚያያይዙትን አራቱን ካስማዎች ተጫንሁና፥ በወልድያ ብርዳማ ጧት፥ የጎኑ ክዳን ተከፍቶ ሳለ፥ ጥቂት ደቂቃ አስነሥቼ 58 ዲግሪ ባየሁ ጊዜ ድኗል ብዬ ሰደድሁት። በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ።

መጀመሪያ ያመካኘሁት በአየሩ ጠባይ ነበር። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትቀመጥ፥ የሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ ግን ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተወርዶ፥ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፥ ሞቅ ባለ አገር ትገኛለች። ማቀዝቀዣ የምንለው ዕቃ ምንም ስሙ ብርድ የሚፈጥር ቢያስመስለው፥ ግብሩ ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ለአየር ማስረከብ ስለ ሆነ፥ ከተቀባዩ አየር በታች ሊያወርድ ከቶ አይችልም፤ የክፍሉ አየር 10 ዲግሪ ቢጨምር ፕሮሰሰሩም 10 ያህል ይጨምራል። በዚህም ላይ በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፥ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በእውነት ጥላ ሥር ስሕተትን መሸሸግ ይቻላልና፥ ኅሊናዬ ስላልፈቀደልኝ መሣሪያዬን ይዤ ራሴ ወደ መርሳ ወረድሁ።

በፎቶ ቤቱ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሳለ 52 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ቪዲዮውን ማቀናበር ባስጀመርነው ጊዜ ግን ቍጥሩ በቅጽበተ ዓይን ከ90 አለፈ። አቧራ ያፈነው ማሽን እንዲህ አያደርግም፤ ሙቀቱ ቀስ እያለ በብዙ ደቂቃ ይወጣል። እጄን ሰድጄ የአሉሚኒየሙን ክንፎች ብዳስሳቸው ለብ ከማለት አላለፉም። ፕሮሰሰሩ እየነደደ በላዩ የተቀመጠው ብረት ለብ ብሎ መገኘቱ፥ ሙቀቱ ከመነሻው ሳይሻገር መቅረቱን የሚያስረዳ ምስክር ነውና፥ ያን ጊዜ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ዐወቅሁ።

ማቀዝቀዣውን ባነሣሁት ጊዜ ፔስቱ እንደ ተገለጠ መጽሐፍ የሚነበብ ሆኖ አገኘሁት። በሦስቱ ማዕዘን በኩል ተጨፍልቆ ስስ ጭጋግ ሲመስል፥ በአራተኛው በኩል ግን እንደ ቀባሁት ወፍራምና አንጸባራቂ ሆኖ ቆይቷል። ለዓይን ልስልስ የሚመስሉ ሁለት ብረቶች በረቂቁ ቢመረመሩ ተራራና ሸለቆ የሞላባቸው ናቸው፤ በሸለቆው የሚቀረው አየር ደግሞ ሙቀትን እጅግ ይከለክላል፤ አሉሚኒየም ከማይንቀሳቀስ አየር 9,000 ጊዜ ያህል አብልጦ ሙቀትን ያሳልፋልና። ደኅና ፔስት ከአየር መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ቢበልጥም፥ ከአሉሚኒየሙ በብዙ ያንሳል፤ ስለዚህ በሁለቱ ብረቶች መካከል እንደ ምንጣፍ ሊነጠፍ አይገባውም፥ ሸለቆውን ከሞላ ሥራውን ፈጽሟል። የምስር ፍሬ የሚያህል ይበቃል፤ አለመጠን የሚቀቡ ባልንጀሮቼን ባየሁ ቍጥር አዝናለሁ። የቀረውን የሚፈጽመው የካስማዎቹ ጭነት ነው። የዚያ ማሽን ፕሮሰሰር 65 ዋት የሚተፋ ኮር አይ 3 ነበር፤ ቀድሞ በየቤታችን ይበራ ከነበረው 60 ዋት አምፑል የሚበልጥ ኃይል ጥፍር በምታህል ሲሊከን ላይ ተሰብስቦ መውጫ ሲፈልግ፥ በአንድ ማዕዘን የተከፈተች የፀጉር ያህል ክፍተት ምን ያህል እንደምትጎዳ ከዚህ ይታያል።

እነዚህ የፕላስቲክ ካስማዎች በኢንቴል ማቀዝቀዣዎች ላይ የታዩት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2004 ነው። ካስማው ሲገባ ቀጭ ይላል፤ ድምፁ ብቻውን ግን አይታመንም። ቦርዱ በሳጥኑ ውስጥ ሳለ የሚጫን ሰው፥ ቦርዱ ስለሚለመጥበት ኃይሉ በከንቱ ያልቃል፤ ስለዚህ ቦርዱን አውጥቶ በጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ፥ አንዱን ካስማ ተጭኖ ቀጥሎ በሰያፍ አንጻሩ ያለውን መጫን፥ በኋላም ቦርዱን ገልብጦ ነጩ ፕላስቲክ በጥቁሩ ዘንግ ተከፍሎ አራቱም በእኩል መውጣታቸውን ማየት ይገባል። እኔ በወልድያ ሳልመለከት የቀረሁት ይህንኑ ጀርባውን ነበር።

ባለቤቱ ማፈሬን አይቶ «አብሽር ጋሼ፥ መንገዱ አናውጦት ይሆናል» አለኝ። ቸርነቱን ተቀበልሁ፤ ምክንያቱን ግን አልተቀበልሁም፤ በሥርዓት የያዘን ካስማ መንገድ አይነቅለውምና። ገንዘብም አልተቀበልሁትም። ከዚያ ወዲህ ወደ ቆላ የሚወርድ ማሽን ክዳኑ ተዘግቶ፥ በከባድ ሥራ ተጠምዶ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ከእጄ አይወጣም።

በዚያ ቀን ቦርዱን አውጥቼ፥ ጠርጌና ቀብቼ፥ አራቱን ካስማዎች በሰያፍ ከተከልሁ በኋላ ቪዲዮውን እንደ ገና አስጀመርነው። ቍጥሩ በዝግታ ወጥቶ፥ በመርሳ የከሰዓት በኋላ ሙቀት፥ በ71 ቆመ። ክንፎቹን ብዳስሳቸው አሁን ትኩስ ናቸው፤ ትኩሳታቸውም እጅግ ደስ አሰኘኝ። የሙሽራው ወንድም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር፤ ከመግሪብ አዛን ጥቂት ቀደም ብሎ ሠርጉ እስከ ፍጻሜው ተቀናብሮ ወጣለት።