በረንዳው የጠፋበት ቪላ

ቤት ቢሰፋ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አዲሱ ሥራ የነባሩን ቤት ብርሃን የቀማ እንደ ሆነ ትርፉ ኪሳራ ነው።

ለጄት የሚበቃ የአውሮፕላን ማረፊያ ቦሌ ላይ ተሠርቶ፣ በ1955 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን ቦይንግ 720 ከገባ ወዲህ፣ ዛሬ አፍሪካ ጎዳና በሚባለው መንገድ ግራና ቀኝ አትክልት ያላቸው ቪላዎች በዝተው ነበር። ከእነዚህ አያሌዎቹ ፈርሰው በቦታቸው ረጃጅም ፎቆች ቆመዋል፤ ከቀሩት አንዳንዶቹ ደግሞ ምግብ ቤት ሆነዋል።

የቪላው ዋና ነገር በረንዳው ነበር፤ ይኸውም ፀሐዩንና ዝናቡን ከሳሎኑ መስኮት እየመለሰ ብርሃኑን ያሳልፍ ስለ ነበር ነው። ባለ ምግብ ቤቱ ግን ጠረጴዛ ለመጨመር ሲል በረንዳውን በብረትና በመስተዋት ይዘጋዋል፤ ከፊቱም ቆርቆሮ ያስቀጥላል። ከዚያ በኋላ የሳሎኑ መስኮት ወደ ሌላ ክፍል የሚያይ ስለ ሆነ በቀትር መብራት ይበራል፤ የሁለቱም ጣራ ውኃ በአንድ አሸንዳ የሚወርድ እንደ ሆነ በሐምሌ ሞልቶ እንግዳው ላይ ይንጠባጠባል።

በግቢው ጥግ የሚሠራውን የሣር ጎጆ የሚስቁበት አሉ። እኔ ግን ከመስተዋቱ አብልጬ አመሰግነዋለሁ፤ ከቤቱ ተለይቶ ስለ ቆመ መስኮት አይጋርድም፤ ባያስፈልግም ቪላውን ሳይጎዳ ይነሣል።

እንግዲህ ቤቱን ሊያሰፋ ያሰበ ሰው ለግንበኛው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት በረንዳውን በመጋረጃ ጋርዶ በቀትር ሳሎኑ ውስጥ ይቀመጥ። መብራት ማብራት ካስፈለገው፣ ጠረጴዛ አትርፎ ቤት እንደሚያጣ ያን ጊዜ ያውቀዋል።