ስለ ተመላሽ ወታደር ፊልምና ስለ አቀናባሪው ትዕግሥት

ኦሪት ዘኁልቁ በምዕራፍ 31 ሰው የገደለ ወይም ሬሳ የነካ ዘማች ሁሉ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ፣ ራሱንም ልብሱንም እንዲያነጻ ያዝዛል፤ ድል አድርጎ የተመለሰ እንኳ ከጦር ሜዳ ወደ ማዕድ ባንድ እርምጃ ሊሻገር እንደማይቻለው አበው አስቀድመው ተረድተውት ኖሯል። በእስራኤል በካርሜ ጋት ሰፈር ተቀምጬ የፊልም ቅንብር ሙያዬን ስሠራ፣ ስለ ተመላሽ ወታደር የተሠራውን ሁሉ የምመዝነው በዚህ ሥርዓት ነው፤ ብዙዎቹ ፊልሞች ከተኩሱ ወደ እናት እቅፍ ወዲያው ያሻግሩናልና፣ በመካከል የተዘለለው የሰባት ቀን ስፍራ ግን የታሪኩ ዋና ማደሪያ ነው።

ዊልያም ዋይለር እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጣው፣ ዳንኤል ማንደልም ያቀናበረው «የሕይወታችን ምርጥ ዓመታት» ይህን ስፍራ ካከበሩት አንዱ ነው። በቦምብ ጣይ አውሮፕላን የዘመተው ፍሬድ፣ ሥራውም ትዳሩም ከፈረሰበት በኋላ፣ ሞተራቸው ተነቅሎ ለብረት ቁርጥራጭ ወደ ተሰለፉት አሮጌ አውሮፕላኖች ይሄዳል፤ ካንደኛው አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ፣ ካሜራው በባዶዎቹ የሞተር ስፍራዎች ላይ ሲዘዋወር፣ ሙዚቃውም የሞተሩን መነሣት ሲያስመስል፣ አቀናባሪው ወደ ጦርነቱ የሚመልስ አንድም የትዝታ ምስል አልጨመረም። ተመልካቹ ጦርነቱን በጆሮው ይሰማል፤ በዓይኑ የሚያየው ግን የተመለሰውን ሰው ብቻ ነው።

በ19 ዓመቱ የ1982ቱን የሊባኖስ ጦርነት የዘመተው አሪ ፎልማን ደግሞ፣ በ2008 ባወጣው «ቫልስ ከበሺር ጋር»፣ የጠፋበትን ትዝታ በሥዕል ሲፈልግ ቆይቶ፣ በፍጻሜው ሥዕሉን አቋርጦ የሳብራና የሻቲላን እልቂት እውነተኛ የዜና ምስል ያሳየናል፤ በምስሉ የሚታዩት ሴቶች ሰቆቃ ኅሊናን የሚወጋው እስከዚያ ድረስ በትዕግሥት ተጠብቆ ስለ ቆየ ነው። በዚያው ዓመት በቬኒስ የተሸለመው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ስለ ወታደር ባይሆንም የቅርብ ዘመዱ ነው፤ አንድ እግሩን ያጣው አንበርብር ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ፣ ያለፈው ዘመን ተሰባብሮ ይመጣበታል፣ ወጣቶቹንም ከደርግ አፈሳ ሸሽተው በዋሻ ተደብቀው ያገኛቸዋል።

እኔም ባቀናበርሁት አንድ ትዕይንት፣ ከሚሉኢም (ከተጠባባቂ ጦር አገልግሎት) የተመለሰ ልጅ ከእናቱ ፊት ተቀምጦ፣ እርሷ ቡናውን እየቀዳች «በላህ ወይ ልጄ?» ስትለው፣ እርሱ «ደኅና ነኝ» ይላታል። ልማድ እዚያ ላይ ቁረጥ ይላል፤ እኔ ግን ምስሉን በእናቲቱ ላይ አቆየሁት፤ መልሱ ለጥያቄዋ እንዳልሆነ እስክትረዳና፣ ተረድታም ዝም ብላ ሲኒውን ወደ እርሱ እስክታስጠጋ ድረስ። ከዚያ በኋላ ስለ ግንባሩ የተቀረጸው ምስል ሁሉ ትርፍ ሆኖ ወጣ።

ይህ የምኖርበት ሰፈር የመመለስን ክብደት ያውቃል፤ ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጥቃት የተረፉት የኒር ኦዝ ኪቡትዝ ሰዎች በ2024 መጀመሪያ መጥተው በካርሜ ጋት ሕንጻዎች ተጠጉ፤ የቤተ እስራኤል ልጆችም ከዚሁ ሰፈር ዘምተው ይመለሳሉ። እንዲህ ባለ ስፍራ ለሚኖር ተመልካች፣ ያላለቀውን መከራ በዕንባና በእቅፍ ቆርጦ እንዳለቀ አድርጎ ማቅረብ በደል ነው፤ የአቀናባሪው ግዴታ፣ ተመላሹ ከደጁ እስኪገባ ድረስ የሚያስፈልገውን ጊዜ ሳይሰስት መስጠት፣ የቤቱም ሰዎች በዚያ ጊዜ የሚሸከሙትን ሸክም እኩል ማሳየት ነው።