የሚተነፍስ ሣጥን

«መጣ» የሚለውን ቃል ቀስ ብላችሁ በሉት። ምላሳችሁ ከላይኛው ድድ ጋር ተጣብቃ «ጣ» እስክትፈነዳ ድረስ ለቅጽበት ምንም ድምፅ የለም። በ«ሰጠ»፣ በ«በቃ»፣ በ«ወጣ» ውስጥም እንዲሁ ነው። አማርኛ እነዚህን ፊደላት የሚያጠብቀው ዝምታን በማርዘም ነው። ትረካ መቅዳት ከጀመርኩ ወዲህ ጆሮዬ አጥብቆ የሚፈልገው ይህችን ዝምታ ነው። በክፍሉ ውስጥ ማሽን ሲያፏጭ አስቀድማ የምትጎዳው እሷ ናት፤ ፉጨቱ ገብቶ ይሞላታል፣ «ጣ»ም ከጸጥታ ውስጥ መፈንዳቷ ይቀርና በጫጫታ መሃል ትረግባለች። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ያደመጠ ሰው የምለው ይገባዋል።

ጫጫታውን በኋላ በፕሮግራም ማጽዳት ይቻላል የሚሉኝ አሉ። ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ፕሮግራሙ ፉጨቱን ሲያነሳ የ«ሀ»ን እስትንፋስና የ«ፈ»ን ነፋስ አብሮ ይልጣል፤ ቀረጻው ንጹሕ ይሆንና አንባቢው አፉን በነጠላ ሸፍኖ የሚያነብ ይመስላል። ስለዚህ ጫጫታውን ከምንጩ ለማፈን ቆረጥኩ።

ማሽኑ ሌላ ቦታ አገልግሎ እኔ ዘንድ የደረሰ ሰርቨር ነው። ቀረጻዎቼ ሁሉ የተከማቹት እሱ ላይ ነው። ሬክ ላይ እንዲደረደር ተብሎ የተሠራ ጠፍጣፋ ዓይነት ስለሆነ ቁመቱ 44 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚገባው ፋን ደግሞ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ፋን ብዙ አየር ለመግፋት በኃይል ከመሽከርከር ሌላ ምርጫ የለውም። በደቂቃ 12,000 ዙር የሚዞር ፋን በሰከንድ 200 ጊዜ ይዞራል፤ 7 ክንፍ ካለው አየሩን በሰከንድ 1,400 ጊዜ ይመታል። ጆሯችን የሚሰማው ይህንን ነው፤ 1,400 ኸርዝ የሆነ፣ እንደ ቢንቢ የማይለቅ ፉጨት። ከሥሩ ደግሞ ሌላ አለ። በደቂቃ 7,200 ዙር የሚዞሩት ሃርድ ዲስኮች በ120 ኸርዝ ያጉረመርማሉ። ይህ ጉርምርምታ በአየር ከሚመጣው ይልቅ በማሽኑ እግር በኩል ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛውም ወደ ወለሉ የሚወርደው ይብሳል። ሁለቱ ድምፆች አንድ መድኃኒት የላቸውም፤ ማሽኑን የማስገባበትን የመጀመሪያ ሣጥን የሠራሁት ይህን ሳላውቅ ነበር።

ያ ሣጥን ከስስ ኮምፔንሳቶ የተሠራ ነበር። ውስጡን በሙሉ በፍራሽ ስፖንጅ አለበስኩት፤ ከኋላው ለገመድ የሚሆን አንድ ቀዳዳ ተውኩ። ሲዘጋ ፉጨቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከ40 ደቂቃ በኋላ፣ አንባቢዋ አንድ ረጅም ምዕራፍ ለመጨረስ ጥቂት ገጾች ሲቀሯት፣ ማሽኑ ራሱን ከሙቀት ለማዳን ጠፋ። ያልተቀመጠው ቀረጻ አብሮት ሄደ። «ነገ እንደገና እናነበዋለን» አለችኝ እንጂ አልወቀሰችኝም፤ ድካሟን ግን ፊቷ ላይ አየሁት። ማታውኑ ሣጥኑን ፈትቼ ምን እንዳጠፋሁ መመርመር ጀመርኩ።

አንደኛው ጥፋት ስፖንጅ ድምፅ ያስቆማል ብዬ ማመኔ ነው። ብዙ ሰው እንዲሁ ያምናል፤ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን የሚለጥፍም አለ። ስፖንጅ ክፍል ውስጥ የሚመላለሰውን ማሚቶ ይመጥጣል፤ ወደ ውጭ የሚያልፈውን ድምፅ ግን ነፋስን እንደሚያሳልፍ ሁሉ አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነው። አየሩ ሲገፋው ግድግዳው ካልተነቃነቀ በማዶ ያለው አየርም አይነቃነቅም። የግድግዳው ክብደት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የሚያልፈው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ ሳንቃ በካሬ ሜትር 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በወረቀት ስሌት የ1,400 ኸርዙን ፉጨት በ38 ዴሲቤል ሲቀንሰው የ120 ኸርዙን ጉርምርምታ የሚቀንሰው ግን በ17 ብቻ ነው። ሁለት ድርብ ሲደረግ በሁለቱም ላይ 6 ይጨመራል። ጆሯችን 10 ዴሲቤል የቀነሰን ድምፅ በግማሽ እንደቀነሰ አድርጎ ስለሚሰማው እነዚህ ቁጥሮች ትልቅ ናቸው።

ሁለተኛው ጥፋት ያቺ የገመድ ቀዳዳ ናት። ከግድግዳው ስፋት መቶኛው እጅ ክፍት ከሆነ ግድግዳው የፈለገውን ያህል ቢከብድ ሣጥኑ ከ20 ዴሲቤል በላይ አይከለክልም። ድምፅ እንደ ውሃ ነው፤ ጋኑ ቢወፍርም ስንጥቋን ፈልጎ ይወጣል።

ሁለተኛውን ሣጥን የሠራነው ሰፈራችን ካሉ አንድ አዛውንት አናጺ ጋር ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 65፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ድርብ ኤምዲኤፍ ነው፤ በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ከምናለሽ ተራ የገዛሁት አሮጌ የመኪና የውስጥ ጎማ ተዘርግቶ ገባበት። ሳንቃው ብቻውን ከ75 ኪሎ ስለሚያልፍ ለማንሳት አራት ሰው ተቸግሯል። ሲቆረጥ የሚቦነው አቧራ ለሳንባ ክፉ ነው፤ ጋሼ ያለ ጭምብል መጋዙን እንዳልነካ ከለከሉኝ፤ ትክክል ነበሩ።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ክብደት የበሩ ማጠፊያ ይችለዋል?» አልኳቸው።

«ማጠፊያውን ተወው ልጄ። በር ነፋስ የሚያስገባው በማጠፊያው በኩል ነው። እንደ ክዳን እንገጥመውና አራቱን ማዕዘን እናጠብቀዋለን።»

እንዳሉት አደረግን። በክዳኑ ዙሪያ የመኪና በር ጎማ ተለጠፈ፤ መገጣጠሚያዎቹ በኮላ ተያይዘው በሲሊኮን ተደፈኑ። ሊጨርሱ ሲሉ «ማታ ባትሪ አብርተህ ውስጡ አስቀምጥ፤ የክፍሉን መብራት አጥፋና ዙረው። ብርሃን የወጣበት ሁሉ ድምፅ ይወጣበታል» አሉኝ። ዞርኩት። ሁለት ቦታ እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን አገኘሁ፤ አንዱ ሲሊኮኑ ያልደረሰበት ጥግ፣ ሌላው ጎማው የተቀጣጠለበት ቦታ ነበር። ድምፅ መታጠፍ ስለሚችል ብርሃን ያልወጣበት ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ብርሃን የወጣበት ግን በእርግጥ ደህና አይደለም። ከዚያ ወዲህ ከዚህ የተሻለ ርካሽ መፈተሻ አላገኘሁም።

ለጉርምርምታው ሌላ መላ አስፈለገ። የጠፍር አልጋ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከውስጥ ጎማው የተረፈውን እንደ ጠፍር ሰንጥቄ በብረት ፍሬም ላይ ወጠርኩት፤ ሰርቨሩም እሱ ላይ ተኛ። የትኛውም ጠንካራ ነገር ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር አይነካካም። ገመዶቹ እንኳ ሳይወጠሩ ልል ሆነው ገብተዋል፤ አንድ የተወጠረ ገመድ ጉርምርምታውን ወደ ሳንቃው ለማሸጋገር ይበቃልና።

ሙያው ያለው ግን ከዚህ በኋላ ነው፤ ዕቃውን አሽጎ ሲያበቃ እንዲተነፍስ ማድረግ። ኮምፒውተር የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። 300 ዋት የሚበላ ማሽን የ300 ዋት ምድጃ ነው። ኤምዲኤፍ ደግሞ ሙቀት እንደ ልብ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ሙቀቱን የሚያወጣው አየር ብቻ ነው። የሚገባው አየር ሲወጣ ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ከተፈለገ በባሕር ጠለል ላይ በሰከንድ 25 ሊትር ይበቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ለዚያው ሙቀት በሰከንድ 33 ሊትር ያስፈልገናል። በውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ተከትሎ ሣጥን የሠራ የአዲስ አበባ ሰው ማሽኑ ለምን እንደሚግልበት ግራ ቢገባው አይገርመኝም። አምራቾችም ይህን ያውቁታል፤ የተለመደው የሰርቨር ደንብ ከ900 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት ላይ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ለእኛ ከተማ ይህ 5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። 35 ዲግሪ ይችላል የተባለ ማሽን እዚህ 30 ዲግሪ ይችላል ብላችሁ ያዙት።

አየሩን የሚያወጡት ሦስት ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋኖች ናቸው፤ ሦስቱም በዝግታ ይዞራሉ። አንድ ፋን በኃይል ከማዞር ብዙ ፋን በዝግታ ማዞር ይሻላል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ አየሩም በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን በ15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ሁለተኛ ተመሳሳይ ፋን ሲጨመር የሚጨመረው ድምፅ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ይህን ሒሳብ በመጀመሪያው ሣጥን ጊዜ ባውቀው ኖሮ ያ ምዕራፍ አይጠፋም ነበር።

አየሩ የሚገባውም የሚወጣውም ሦስት ጊዜ በሚታጠፍ ጠባብ ያልሆነ መተላለፊያ ነው። ጠባብ ከሆነ አየሩ ራሱ ይፏጫል፤ ስለዚህ የመተላለፊያው ስፋት በየትኛውም ቦታ ከፋኖቹ አፍ እንዳያንስ ተጠነቀቅኩ። አየር ታጥፎ ይሄዳል፤ ቀጭኑ ፉጨት ግን በየማዕዘኑ ግድግዳ እየመታ፣ በለበሰው ነገር እየተመጠጠ ይደክማል። ለስላሳ ልባስ ቦታው እዚህ ነው። ውፍረቱም ያስፈልጋል፤ የ1,400 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሩቡ፣ ማለትም ከ6 ሳንቲ ሜትር ብዙ የሚያንስ ልባስ አያረካም።

ስፖንጁን ጣልኩት። የፍራሽ ስፖንጅ ፈጥኖ ይቀጣጠላል፤ ጭሱም የሚገድል መርዝ አለው። ሌት ተቀን የሚሠራ ኤሌክትሪክ ዙሪያውን በእሱ መጠቅለል በተኛንበት ቤት ውስጥ አደጋ ማስቀመጥ ነው። በምትኩ ያረጀ የሱፍ ባና ደራርቤ በሽቦ መረብ ያዝኩት። ሱፍ ፈጽሞ አይቃጠልም አልልም፤ ነገር ግን በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ የለኮሰው እሳት ሲርቅለትም ብዙውን ጊዜ ራሱ ይከስማል። የመንዝ በግ ሱፍ ለዚህ ሥራ ይሆናል ብሎ የነገረኝ የለም፤ ሞከርኩት፣ ድምፁንም በሚገባ መጠጠ። የድንጋይ ሱፍ የሚያገኝ ሰው ግን እሱን ያስቀድም፤ እሳት የማይደፍረው እሱ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ሁሉንም ከገጣጠምኩ በኋላም ሙቀቱ ከፍ ይል ነበር። ከሰርቨሩ ጀርባ የወጣው ትኩስ አየር በጎን ዞሮ ወደ ፊቱ ይመለሳል፤ ማሽኑ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል ማለት ነው። ሣጥኑን መሃል ለመሃል በቀጭን ሳንቃ ከፈልኩት፤ ከፊት ቀዝቃዛ ክፍል፣ ከኋላ ትኩስ ክፍል ሆነ፤ ሰርቨሩ በመካከላቸው ባለ መስኮት ያልፋል፣ ዙሪያው በለስላሳ ጎማ ተዘግቷል። የዚያን ዕለት ሙቀቱ ወረደ። ትናንሾቹም ፋኖች ሙቀቱ ስለቀነሰላቸው ፍጥነታቸውን ራሳቸው ዝቅ አደረጉ፤ ሣጥኑ ካፈነው በላይ ጫጫታው ከምንጩ ቀነሰ።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ውጭ ተውኩት። የእርሳስ ባትሪ በሙቀት ዕድሜው ያጥራል፤ ሲሞላም የሚቀጣጠል ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል በታሸገ ቦታ አይቀመጥም። የሣጥኑ ፋኖች ግን ከሰርቨሩ ጋር በዚያው ዩፒኤስ ላይ መሰካት አለባቸው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ እየሠራ ፋኖቹ ቢቆሙ የመጀመሪያው ሣጥን ጥፋት ይደገማል። ወንፊት የሚመስል ስስ የአየር ማጣሪያም በመግቢያው ላይ አለ፤ በከተማችን አቧራ በየወሩ አጥበዋለሁ።

ማይክሮፎኑ ባለበት ቦታ በስልኬ ስለካው ልዩነቱ 20 ዴሲቤል ገደማ ሆነ። የስልክ መለኪያ ትክክለኛውን መጠን አይናገርም፤ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ግን ይናገራል። አንባቢዋ ያንን የጠፋ ምዕራፍ ደግማ አነበበችው፤ «መጣ» ስትል ከ«ጣ» በፊት ያለችው ዝምታ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ባዶ ነበረች።

ይህን ሁሉ የሠራሁት የምኖርበት የኪራይ ቤት አንድ ክፍል ስለሆነ ነው። ሁለተኛ ክፍል ያላችሁ ግን ሣጥን አትሥሩ። ከሁለት ወገን የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ እኔ ከሠራሁት ሳንቃ ሁሉ ይከብዳል፤ የኔትወርክ ገመድም እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል። ገመዱን አርዝሙና ማሽኑን ከግድግዳው ማዶ አስቀምጡት።