«ሕዝብ» የተባለው ማን ነው? ስለ መንዝ ጓሳ ጥበቃ በተጻፈ ጥናት ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ አፈር፣ ስለ ውሃና ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ «የሕዝብ ተሳትፎ» የሚል ቃል ሳይገኝ አይቀርም። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕዝብ የተባለው ማን እንደ ሆነ፣ ተሳትፎውም በምን በምን እንደ ሆነ ተለይቶ ካልተነገረ፣ አንዱ ጸሐፊ ከሌላው እየተቀበለ የሚያስተላልፈው ባዶ ቃል ይሆናል። ይህን ለመመርመር፣ ዘላለም ተፈራ አሸናፊና ናይጄል ሊደር ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ2005 «ሂዩማን ኢኮሎጂ» በተባለው መጽሔት ስለ መንዝ ጓሳ ያወጡትን ጥናት መርጫለሁ። የመረጥሁትም ጥናቱ ደካማ በመሆኑ አይደለም፤ ብዙ ሰዎች የሚጠቅሱት፣ ሲጠቅሱትም ግማሹን ብቻ የሚወስዱት ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የሚገኝ ብርዳም ደጋ ነው። ጓሳ ተብሎ የሚጠራው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ያገለግላል፤ ቁጥቋጦው ይማገዳል፤ ሜዳውም በድርቅ ጊዜ ከብት ያተርፋል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም ይኖሩበታል። ጥናቱ እንደሚያስረዳው ይህ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በተባለ የአካባቢው ሥርዓት ይተዳደር ነበር። ባለ መብቶቹ በመረጧቸው አለቆች አማካይነት ጓሳውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ያህል ከማናቸውም አገልግሎት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ ወይም ችግር ሲጸና ይከፍቱታል፤ ደንቡን የተላለፈም ይቀጣል።

የጥናቱ ዋና ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ጽሑፍ፣ የወል ግጦሽ ላይ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ከብት ለማብዛት ስለሚጣጣር ምድሩ መጥፋቱ የማይቀር ነው ብሎ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ወሰኑ የታወቀ፣ ጠባቂና ቅጣት ያለው፣ ደንቡንም ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የሚያወጡት የወል ሀብት ለብዙ ዘመን ሊቆይ እንደሚችል አሳየች። የመንዝ ገበሬ የሁለቱንም መጽሐፍ ሳያይ ክርክሩን በሥራ ፈትቶት ኖሯል። ሁለቱ ጸሐፊዎች ይህን በሚገባ ስላስረዱ ሊመሰገኑ ይገባል።

ሒሴ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። ጥናቱ ጓሳን «የጋራ ሀብት»፣ ጠባቂውንም «ማኅበረሰብ» ይለዋል። የአገሩ ስም ግን አጽመ ርስት ነው። እነዚህ ሁለት ስሞች አንድ አይደሉም። «የጋራ» ሲባል ሁሉ የሚገባበት ይመስላል፤ አጽመ ርስት ሲባል ግን ከአንድ አቅኚ አባት መወለዱን ቆጥሮ የሚያስረዳ ሰው ብቻ ይገባበታል። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚለው ተረት በዚህ አገር ቀላል ነገር አልነበረም። ጸሐፊዎቹ ሥርዓቱ ሌሎችን የሚያስቀር መሆኑን አልደበቁም፤ በግልጽ ጽፈውታል። ነገር ግን የማስቀረቱን ነገር ሀብቱን ለመጠበቅ እንደ ተሠራ ብልሃት አድርጎ ብቻ ማየት አይበቃም። ሐረግ ለመቁጠር ለማይችል፣ ከሌላ አገር መጥቶ ለተቀመጠ ወይም በሰው መሬት ለሚያርስ ሰው፣ ተመሳሳዩ ደንብ ሌላ ስም ነበረው።

ምናልባት አንድ አንባቢ፣ «ወሰን የሌለው የወል ሀብት እንደማይቆይ ኦስትሮም ራሷ ተናግራ የለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ወሰን ማስፈለጉ አንድ ነገር ነው፤ ወሰኑ በትውልድ ሐረግ መሆኑ ሌላ ነገር ነው። ጓሳን ያቆየው የመጀመሪያው እንጂ ሁለተኛው ለመሆኑ ማስረጃው ራሱ ጥናቱ ውስጥ ይገኛል።

ይኸውም እንዲህ ነው። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወጣ የርስት መብት ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ጥናቱ ይህን እንደ መናጋት ይቈጥረዋል። ለምድሩ መናጋት መሆኑ አይካድም። ርስት ለሌለው ሰው ግን ያው አዋጅ የመሬት በር የከፈተ ነበር፤ ስለዚህ ታሪኩ በአንድ ወገን ብቻ ሊጻፍ አይገባም። የሚያስደንቀው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ሕዝቡ የሐረግ ቈጠራውን መብት ካጣ በኋላ በሌላ ዓይነት ማኅበር ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጠለ። ከጊዜ በኋላም ሥፍራው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በሕግ ታወቀ። እንግዲህ ዋናው ምሰሶ የአቅኚው አባት ስም ሳይሆን፣ የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣን በተጠቃሚው እጅ መኖሩ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሥልጣን ከሌላው «ተሳትፎ» ጋር ብናነጻጽረው ልዩነቱ ይገለጣል። በደርግ ዘመን ገበሬው ስንዴና ዘይት እየተሰፈረለት በየተራራው እርከን ሠርቷል፣ ችግኝም ተክሏል። ጉልበቱን በመስጠት ረገድ ከዚህ የበለጠ ተሳትፎ አይገኝም። ነገር ግን ተራራው የሚዘጋው በሌላ ሰው ትእዛዝ ነበር፤ ዛፉም የማን እንደ ሆነ አልታወቀም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ሥፍራ ዛፉ ተቈረጠ፣ እርከኑም ፈረሰ። ይህን የገበሬ አላዋቂነት ማለት ቀላል ነው፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ማስታወስ ግን ይሻላል። ጥቅሙን የማያዝዝበትን ነገር ማን ይጠብቃል?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆየ። ከዝርዝሩ ከመውጣቱ አስቀድሞ በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ዋልያውና ሣሩ ዕረፍት ማግኘታቸው ጥቅም ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን የዚያው ሥፍራ ገበሬ ነው። በአንድ በኩል ሰውን አስወጥቶ መጠበቅ፣ በሌላ በኩል ሰውን አስገብቶ መጠበቅ ሁለቱም «ጥበቃ» ተብለው ሲጻፉ፣ ቃሉ ምን ያህል ሰፊ መጋረጃ እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ያስተውላል።

ስለዚህ ፍርዴን በአጭሩ አቀርባለሁ። የጓሳው ጥናት እውነተኛና ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ጉድለቱ «ማኅበረሰብ» የሚለውን ቃል በውስጡ ያሉት ሁሉ እኩል እንደ ሆኑ አድርጎ ማለፉ ነው። የባሰው ጉድለት ግን የጠቃሾቹ ነው፤ የሥርዓቱን ዕድሜ እያወደሱ በሩ ለማን እንደ ተዘጋ አይጠይቁም። እኛም ተማሪዎች ወደ ገጠር ወርደን ስለ ግጦሽ፣ ስለ ምንጭ ወይም ስለ ደን በምንጽፍበት ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን ብናስቀድም መልካም ይመስለኛል፤ የሚዘጋውና የሚከፍተው ማን ነው? በሚዘጋበት ዘመን የሚቸገረው ማን ነው? ሲከፈትስ የሚካፈለው ማን ነው? የሦስቱ መልስ አንድ ሰው ከሆነ፣ የሕዝብ ተሳትፎ አለ ለማለት እንችላለን። መልሱ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ከሆነ ግን፣ የምንጽፈው ስለ ተሳትፎ ሳይሆን ስለ ትእዛዝና ስለ ጉልበት ነውና በስሙ እንጥራው።