ጠብቆና ላልቶ፦ ለዐረብኛ ተናጋሪዎች የሚቀርቡ የአማርኛ ቪዲዮ ትምህርቶች

በመተማ በኩል ድንበር ተሻግሮ ለሰሊጥ አጨዳ በሚሄደው አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛና በገዳሪፍ ግዛት፣ ራሃድ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሀዋታ አካባቢ በሚቀጥረው ባለእርሻ መካከል «ይመታል» የሚለው ቃል ቀላል ነገር አይደለም። «ም»ና «ት» ላልተው ሲነገሩ ሰውየው መቺ ነው፤ ጠብቀው ሲነገሩ ተመቺ። ፊደሉ ግን አንድ ነው።

በዩቲዩብ ለዐረብኛ ተናጋሪዎች ከሚሠራጩት የአማርኛ ትምህርቶች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ቀደም ባሉት፣ ምስላቸው ደብዛዛ ቢሆንም፣ መምህሩ ቃሉን በራሱ አንደበት ደጋግሞ ያሰማ ነበር። በአዲሶቹ የቃላት ዝርዝር በሙዚቃ ታጅቦ ያልፋል፤ በአንዳንዶቹም አንባቢው የኮምፒውተር ድምፅ ነው። የተሰጠው ጽሑፍ መጥበቅን ስለማያሳይ ኮምፒውተሩ በግምት ያነባል፤ ተማሪውም ግምቱን ይደግማል።

ይበልጥ የሚያስቆጨው መፍትሔው በተማሪው እጅ መኖሩ ነው። የዐረብኛ ጽሕፈት ሸዳ የተባለ የማጥበቂያ ምልክት አለው። ዎልፍ ሌስላው በ1995 እ.ኤ.አ. በታተመው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉ በላቲን ፊደል ተነባቢውን ደርቦ በመጻፍ ያመለከተውን፣ ሸዳ በአንድ ጭረት ያመለክታል። ቪዲዮዎቹ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ግን ይህንኑ ምልክት ይተዉታል። «ቀ»ንም በቃፍ ይጽፋሉ፤ በሱዳን የዕለት ንግግር ቃፍ እንደ «ገ» ስለሚነገር «ቀባ» የተባለው «ገባ» ሆኖ ይነበባል። ለዚህ ድምፅ ዐረብኛ ራሱን የቻለ ፊደል የለውም። የቀረው መንገድ ማሰማት ነው፤ እሱን ደግሞ ሙዚቃው ሸፍኖታል።