የጆንሰን «ቴክ ኦፍ»

እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ከፍሬዛል ቨርብ ጋር ሳይጣላ አይቀርም። ግሱን ያውቀዋል፣ ተከትሎት የሚመጣውንም ትንሽ ቃል ያውቀዋል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ግን ትርጉሙ ከሁለቱም አይገኝም። «ቴክ» መውሰድ ነው፣ «ኦፍ» ደግሞ መለየትን ያሳያል። «ቴክ ኦፍ» ሲባል ግን ጫማ ማውለቅ ይሆናል፣ አውሮፕላን ከመሬት መነሳቱ ይሆናል፣ ከዋጋ ላይ መቀነስ፣ ከሥራ ፈቃድ መውጣት፣ የሰውን አነጋገርና አረማመድ አስመስሎ ሰው ማሳቅ ይሆናል። ሳይሰናበቱ ውልቅ ብሎ መሄድም ያው ነው (እዚህ ላይ የእኛም «ወለቀ» ከጫማ ወደ ሰው መሻገሩን ልብ ይሏል)። ገበያው ድንገት የደራለት ንግድም «ቴክ ኦፍ አደረገ» ይባላል። ዋልት ሮስቶው እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ከኢኮኖሚ ዕድገት ደረጃዎች አንዱን የሰየመው በዚሁ ቃል ነው።

ይህን ጣጣ ቀድመው አይተው በትዕግሥት ከፈቱት አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። እኛ ጆንሰንን የምናውቀው በ«ራስላስ» ነው፤ የፖርቱጋላዊውን የአባ ሎቦን የአቢሲኒያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፣ አገሩን ሳያይ ስለ አቢሲኒያ ልዑል የጻፈ፣ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት ደራሲ። የእጁ ጥበብ ይበልጥ የሚታየኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1755 በሁለት ትልልቅ ጥራዞች በወጣው መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ለንደን ጎፍ ስኩዌር በሚገኘው ቤቱ የታወቁ ደራስያንን መጻሕፍት ያነባል፤ የሚፈልገውን ቃል በእርሳስ ያሰምርበታል፣ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደልም በኅዳጉ ላይ ይጽፋል። ጣሪያው ሥር ባለው ክፍል የሚሠሩት ስድስት ጸሐፊዎች፣ አምስቱ ስኮትላንዳውያን ናቸው፣ ምልክት የተደረገበትን ዓረፍተ ነገር ይገለብጣሉ። ፍቺ የሚሰጠው ምስክር የሚሆነው ዓረፍተ ነገር ፊቱ ከቀረበ በኋላ ነው።

«ቴክ» የሚለው ግስ በዚህ መንገድ 134 ፍቺ አወጣ፤ አምስት ገጽም ፈጀ። «ቴክ ኦፍ» እዚያ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። አንዱን ፍቺ ቀረብ ብለን እንየው፤ መዋጥ ይለዋል፣ በአንድ ቃል ብቻ። ምስክሩን ያመጣው ከፈላስፋው ጆን ሎክ ነው፤ ሰው ጽዋውን በጨለጠባት ቅጽበት የሆድ ሕመሙና የራስ ምታቱ አብሮ ቢመጣ ኖሮ ወይን የሚነካ እንደማይኖር የሚናገርበትን ቦታ። ፍቺው አጭር መሆኑ አያሳስብም፤ ጽዋው ሲነሳና ባዶውን ሲቀር በምስክሩ ውስጥ ይታያል። ከፍራንሲስ ቤከን ያመጣው ደግሞ ከሹመቱ ቦታ የተማረው ሰው ሲበዛ አገር ምን እንደሚገጥማት የሚናገር ነው፤ እዚያ «ቴክ ኦፍ» ማለት ለተማረው ቦታ አግኝቶ መውሰድ ነው። ቅጂ ማውጣት የሚለውም አለ፤ ሰውን አስመስሎ ማሳቅ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ጽዋ፣ ሹመት፣ ቅጂ። ጆንሰን በአንድ የሚያስራቸውን ነገር አልጻፈም፤ ምስክሮቹን ደርድሮ ዝም አለ። አንባቢው ግን በሁሉም ውስጥ አንድ ነገር ካለበት ሲለይ ያያል፤ መጠጡ ከጽዋው፣ ምሁሩ ከሥራ ፈላጊው መሃል፣ ምስሉ ከዋናው። ሥራውን እንድወደው የሚያደርገኝ ይህ ቁጥብነቱ ነው። እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ማፍረስንና ማንሳትን በአንድ ፍቺ ጨፍልቋል። እንዲህ ያሉ ግሶች ወሰናቸው እንደማይያዝ ራሱም በመቅድሙ አማርሯል።

በዚያው መቅድም ላይ የግስና የትንሽ ቃል ጥምረት ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የውጭ አገር ሰውን መሆኑን ጽፎ፣ «ቴክ ኦፍ»ን ጨምሮ በርካታ ምሳሌ ደርድሯል። «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስያሜ በሎጋን ፒርሳል ስሚዝ መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1925፣ ማለትም ከ170 ዓመት በኋላ ነው። ጆንሰን ስም ሳይኖረው ነው የለየው።

ከእሱ ወዲህ ሥራው እየከበደ እንጂ እየቀለለ አልሄደም። በኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ፒተር ጊሊቨር «ረን» በተባለው ግስ ላይ ብቻ ዘጠኝ ወር ሠርቶ ከ600 በላይ ፍቺ ለይቷል።

እንግሊዝኛ ለምታጠኑና ለምታስተምሩ አንድ ነገር ልበል፦ ፍሬዛል ቨርብን ከነፍቺው ደርድሮ መሸምደድ ይቅር። በእያንዳንዱ ፍቺ አጠገብ ያነበባችሁትን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ»ም «ቴክ ዩር ሹዝ ኦፍ»ም ያስኬዳል፤ በጫማው ፈንታ ተውላጠ ስም ከገባ ግን «ቴክ ዜም ኦፍ» ብቻ ነው፣ ተውላጠ ስሙ መሃል ይገባል። አውሮፕላኑ ሲነሳ ደግሞ በሁለቱ መሃል የሚገባ ተሳቢ የለም። ይህን የሚያሳያችሁ ዓረፍተ ነገሩ ነው።